ቀይዋን ሞተር ከፒያሳ ለማምጣት ሁለት ጊዜ ዘይት ቀየርኩ

ሐሙስ

እህቴ ዘነበች ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ድረስ መጥታ ስትሸኘኝ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል የነገረችኝ ሁለት ነገር ነው። "እሑድ ሳይመሽ ሞተሯን ይዘህ ድረስ። ግጥም እየጻፍክ መንገድ እንዳትስት።" ሁለተኛውን ጮክ ብላ ስለተናገረችው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት እስከ ሸኖ ድረስ "እስቲ አንድ በለን" ሲሉኝ ሄዱ። አንድ አልኩላቸው። እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ዘነበች የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ሰኞ የከብት ክትባት ይጀመራል፤ የደረሷት ሦስት ቀበሌዎች ደግሞ በእግር የሚደረስባቸው አይደሉም። ባለፈው ዓመት በእግሯ ሞክራው ነበር። በበረዶ ሣጥን የያዘችው መድኃኒት መንገድ ላይ ሞቆ፣ ግማሹን ደፍታ፣ ዓይኗ ቀልቶ ስትመለስ አይቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ አጠራቅማ፣ በሰው በሰው አጠያይቃ፣ ፒያሳ የሚኖሩ ጋሽ በየነ የሚባሉ ሰው ያገለገለች ሞተር ሳይክል እንደሚሸጡ ሰማች። በስልክ ተስማሙ፤ ገንዘቡም በባንክ ገባ። እሷ ለክትባቱ ስትዘጋጅ፣ መንጃ ፈቃድ ያለኝና ሥራ የሌለኝ እኔ ተላክሁ።

ላምበረት ስወርድ ሰው ሁሉ "ዛሬስ ብርድ ነው" እያለ አንገቱን ቀብሯል። እኔ ጃኬቴን አወለቅሁ። የእኛን አገር ንፋስ የለመደ ሰው አዲስ አበባ ሲመጣ ከአልጋው እንዳልወጣ ነው የሚሰማው። ከመገናኛ በታክሲ ፒያሳ ገባሁ። ፒያሳን በወሬና በመጽሐፍ ብቻ ለምታውቋት ልንገራችሁ፤ ግማሿ ሰፊ አስፋልትና አዲስ የተተከለ ዛፍ ሆናለች፤ ግማሿ ደግሞ አሁንም የወርቅ ቤት መስታወት፣ የኬክ ሽታና ቆሞ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ናት። እኛ ቡና ለመጠጣት እንቀመጣለን። እነሱ ባንኮኒው ላይ በአንድ ክርን ተደግፈው፣ ስኳሩን ሳይጨርሱ አማስለው፣ ሄዱ።

ጋሽ በየነ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ በሚገኝ ጠባብ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ፣ ጥፍራቸው ሥር ለዘለዓለም የሚኖር ጥቁር መስመር ያለባቸው ሰው ናቸው። ለሠላሳ ዓመት የማተሚያ ቤት ሞተረኛ ነበሩ፤ የታተመውን ለማረም ወደ ጸሐፊዎቹ፣ የታረመውን ደግሞ ወደ ማተሚያው ያመላልሱ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ይገባሉ። ቤቱ ውስጥ ካርቶን በካርቶን ላይ ተቆልሏል።

"ሞተር አራተኛ ፎቅ አትወጣም። ብትወጣም ለተብርሃን አታስገባትም።"

"አላስገባትም" አሉ ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ከውስጥ።

ሞተሯን የሸፈነውን ሸራ ገለጡልኝ። ቀይ፣ የህንድ ሥሪት፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች፣ ግን ጭረት የሌለባት። እጄን ለቁልፉ ዘረጋሁ።

"ዘይት ቀይረህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"ደብረ ብርሃን ጥሩ ጋራዥ አለ፣ አስቀይራለሁ።"

"ታስቀይራለህ ወይ አላልኩህም።"

በማተሚያ ቤት ሞተረኞች ዘንድ ሕግ ነበር አሉ። ሞተር ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ተቀባዩ ዘይቷን ይቀይራል፣ ሰጪው ቆሞ ያያል። "ከሆዷ የወጣውን ያላየ ሰው አይነዳትም። ዘይት ቀይር፣ ቁልፉን ውሰድ። ነገ ጠዋት ና።"

ውቤ በረሃ ከአንድ ቡና ቤት በላይ ያለ ርካሽ ፔንሲዮን ያዝኩ። አልጋው ንጹሕ ነበር፤ ከወለሉ ሥር የሚደልቀው ሙዚቃ ግን ትራሴን ያስጨፍረው ነበር። እኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት የሚሰማው የጅብ ድምፅ ነው። ጅቡ ቢያንስ ዘፈን አይደጋግምም።

ዓርብ

ጾም ስለሆነ ቁርሴን ፉል በልቼ፣ ስፕሪስ ጠጥቼ ደረስኩ። ጋሽ በየነ በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ፦ አንድ ሊትር፣ ሃያ በሃምሳ የሚሉት ዘይት፣ የሞተር ሳይክል ሥዕል ያለበት። አትክልት ተራን አልፌ ወደ ተክለ ሃይማኖት ወረድኩ። አትክልቱ አብዛኛው ወጥቷል፤ ስሙ ግን አልወጣም። ጎመን ሳይሸከሙ እንኳ "ዞር በል!" እያሉ የሚሮጡ ሰዎች አሉበት።

የመለዋወጫ ሱቋ ባለቤት ወጣት ሴት ናት። ወረቀቴን አይታ አንድ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ዓይኔ ግን ከጀርባዋ ያለው መደርደሪያ ላይ ቀረ። እዚያ ወርቃማ ጠርሙስ አለ፤ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ መኪና ተሥሏል።

"ያ ምንድን ነው?"

"እሱ የመኪና ነው፣ ወንድሜ። ለአዳዲሶቹ። ዋጋውም ከፍ ይላል።"

ለዘነበች ማሰብ ጀመርኩ። እኛ አገር ሰው ስጦታ ሲገዛ ከተባለው አንድ ደረጃ ከፍ ያደርጋል፤ የተባለውን ብቻ ይዞ መሄድ ቁጥብነት ይመስላል። ያን የመሰለ መኪና የሚጠጣውን ዘይት ሞተሯ ብታገኝ ምን ይጎዳታል? ዓመቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ልትኖር አይደል?

"ወርቃማውን ስጪኝ።"

"ሞተሯ ግን..."

"ይገባታል" አልኳት። ልጅቷ ትከሻዋን ሰብቃ ጠቀለለችልኝ።

ግቢው በር ላይ ሰማያዊ ላዳውን የሚያቆም ታደሰ የሚባል ጎረቤት አለ፤ ከትናንት ጀምሮ ስሜን ትቶ ደብሬ ይለኛል። ጠርሙሱን አይቶ አፏጨ። "ደብሬ፣ እናንተ አገር ፈረሱም ጋቢ ይለብሳል አሉ፣ እውነት ነው?"

"ሙድ አትያዝብኝ" አልኩት፣ አራዳ መስዬ።

"ኧረ ነቄ ሆነሃል!"

ጋሽ በየነ ጠርሙሱን በእጃቸው አገላበጡት። "ያልኩህን ነው?"

"ካሉኝ የተሻለ ነው።"

መልሰው ሰጡኝ። መነጽራቸው ከተቆለሉት ካርቶኖች በአንዱ ውስጥ ታሽጎ እንደነበር፣ ይህንን ለእንግዳ መናገር ደግሞ እንደከበዳቸው ያወቅሁት ዘግይቶ ነው።

ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ ሞተሯን አስነስተው ለጥቂት ደቂቃ አሞቋት፤ የሞቀ ዘይት ቶሎ ይወርዳል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። ከዚያ አጥፍተው በመሐል ማቆሚያ እግሯ አቆሟት። እኔ ሥሯ ተኛሁ፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ (እትዬ ለተብርሃን "ይሄኛው አርጅቷል" ብለው የመረቁት) ከታች አስቀመጥሁ፤ በአሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ የዘይት መውረጃውን ቡሎን ፈታሁ። ዘይቱ ከጠበቅሁት በላይ ሞቆ፣ ከጠበቅሁት በላይ ፈጥኖ መጣ። ቡሎኑን ለቀቅሁት። ሳፋው ውስጥ ገባ፤ ሮንዴላ የምትባለውን ቀለበቱንም ይዞ። እስከ ክርኔ ድረስ ጥቁር ዘይት ውስጥ ገብቼ አንዲት ሳንቲም የምታህል ቀለበት ስፈልግ ታደሰ ከላዳው ውስጥ ሆኖ "ዓሣ አለው እንዴ?" ይላል።

አገኘኋት። ጋሽ በየነ ግን አላደነቁኝም። ጣቴን እያዩ፣ "ምን ይመስላል?" አሉኝ።

"ዘይቱ? እንደ... ጨረቃ እንደሌለበት ሌሊት።"

"ሌሊት ጥቁር ነው። ይሄ ጥቁር ነው?"

አየሁት። ወፍራሙ ላይ ጥቁር ይመስላል፤ ጣቴ ላይ ሲሳሳ ግን ወደ ቡኒ ይሄዳል።

"እንደ አሮጌ ኀዘን..."

"ግጥም አልጠየቅኩህም፣ ልጄ። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶባታል። የሚያብረቀርቅ ነገር ካለበት ብረቷ እየተበላ ነው። በጣትህ ስታሸው ቢቆረቁርህ ቆሻሻ ገብቶባታል። ምን ይመስላል?"

"ቡኒ ነው" አልኩ፣ ተሸንፌ። "አይቆረቁርም።"

"እሺ። ዝጋ።"

ወርቃማውን ዘይት ሞላሁ። ቆንጆ ነበር፤ በጠዋት ፀሐይ ማር ይመስላል። ይህንን ግን ድምፅ አውጥቼ አልተናገርሁም። በመለኪያዋ ዘንግ አየሁ፣ ልክ ነው። ጋሽ በየነ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው፣ "ከመውሰድህ በፊት ዳገት ላይ እንያት" አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ለመንዳት የሚሰጠው ፈቃድ በእሳቸው ስም ስለሆነ እሳቸው ነዱ፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥሁ። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደውን ዳገት ጀመርን።

መሐል ላይ ሞተሯ መጮኽ ጀመረች። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱ ዝቅ ይላል። ጋሽ በየነ ነዳጅ ሲሰጧት ይብስባታል። ደብተር ያቀፉ ተማሪዎች በእግራቸው አለፉን። አንዲቱ ዞር ብላ በሐዘኔታ አየችን። መጨረሻ ላይ ወርጄ ገፋሁ።

ዳር ይዘው አቆሟት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ያ የባሰ ነው።

"ጠርሙሱ ላይ ምን ተሥሏል?" አሉኝ።

"መኪና።"

የራስ ቁራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ግንባራቸውን አሹ።

"ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ፍሪሲዮን መኪና ላይ ብቻውን፣ ደረቅ ቦታ ነው የሚቀመጠው። የሞተር ሳይክል ግን እዚያው ዘይቱ ውስጥ ነው የሚዋኘው። ይሄ የገዛኸው ዘይት ማለስለሻ አለው። የፍሪሲዮኑን ሳህኖች አለሰለሳቸው፣ አሁን እርስ በርስ መያያዝ አቃታቸው። ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው አይሰማም።"

"ይስተካከላል?"

"ካልተቃጠሉ። ከተቃጠሉ ጋራዥ ትገባለች፤ ጋራዥ ደግሞ ከሰኞ በፊት አያወጣትም።"

ሰኞ። ዘነበች የበረዶ ሣጥኑን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በእግሯ ስትወጣ ታየችኝ። ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍተን ተንሸራተን ወረድን።

እትዬ ለተብርሃን ግን ነገሩን ሲሰሙ በመጀመሪያ ያዩት እጄን ነው። ዝወደይ ብለው፣ ማለትም ልጄ ብለው፣ ሰጋቱራና ዱቄት ሳሙና አምጥተው እስከ ክርኔ ፈተጉኝ። "ፔንሲዮን የሚባል ነገር የለም፣ ዕቃህን አምጣ። እኔ ቤት ቦታ አለ።" ቦታ አልነበረም። በሁለት የካርቶን ግንቦች መካከል ፍራሽ ተዘረጋልኝ፤ ሽሮ በላሁ፤ ምንም ሙዚቃ በሌለበት እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ሱቁ ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ።

"ተመለስክ?" አለች ልጅቷ።

"ተመለስኩ።"

"ባለ ወርቁ አልተስማማትም?"

"ሰማያዊውን ስጪኝ። አንቺም ማስጠንቀቂያሽን ጨርሰሽ ተናገሪ።"

"መቼ አስጨረስከኝ? 'ይገባታል' አልከኝ!" ስቃ አዲስ ሮንዴላ በነጻ ጨመረችልኝ።

ግቢው ስደርስ ጋሽ በየነ አራት ካርቶን ከፍተው መነጽራቸውን አግኝተዋል። ዓይናቸው ላይ ሰክተው ሰማያዊውን ጠርሙስ ከላይ እስከ ታች እንደ ውል አነበቡት። ከዚያ ሳያዩኝ እንዲህ አሉ፦ "ትናንትም ማንበብ ነበረብኝ። ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም።"

"የኔ ነው፣ ጋሽ በየነ።"

"እንካፈለዋለን አልኩህ።"

በዚህኛው ዙር ቡሎኑን አልጣልኩም። ወርቃማው ዘይት እንደ ገባ ወጣ፤ አንድ ሊትር ሙሉ፣ በአሮጌው ቅሪት ትንሽ ጠቆር ከማለቱ በቀር። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ሞተሯን ወዲያና ወዲህ እያዘነበልን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ጋሽ በየነ በሁለት ጣታቸው አሽተው አሸተቱ። "የተቃጠለ አይሸትም" አሉ፤ ግን "ተርፋለች" አላሉም።

"ይሄን ልድፋው?" አልኩ ሳፋውን እያየሁ።

ታደሰ ከላዳው ዘሎ ወጣ። "ትደፋዋለህ? አንተ ፋራ! ይሄ ለላዳዬ ሠርግ ነው። እሷ ነዳጅና ዘይት እኩል ነው የምትጠጣው፣ ወርቅ ቀምሳም አታውቅም!" በጨርቅ አጥልሎ እዚያው ሞላላት። አስነሳት። አንድ ጊዜ አሳላት፣ ከዚያ እንደ ወትሮዋ ጮኸች። "ሰማችሁ? ድምጿ ተለወጠ!" ማንም ልዩነት አልሰማም፤ ሁላችንም ተለውጧል አልን።

ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ሞከርነው። እስከ ግማሽ ድረስ ጥሩ ወጣች፤ ከዚያ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ሸተት አለች። ልቤም አብራት ሸተት አለ።

"የቀድሞው ዘይት ሳህኖቹ መሐል ቀርቷል" አሉ ጋሽ በየነ። "ሜዳ ለሜዳ በዝግታ እንንዳት፣ አዲሱ ይጠባቸው። ነገ ጠዋት ያልያዘች እንደሆነ ለእህትህ እኔ ራሴ እደውላለሁ።"

ስለዚህ ሙሉውን ከሰዓት ፒያሳን በሞተር ዞርን፤ ጉብኝቴ ይህ ነበር። ጋሽ በየነ ሐውልትና ሕንፃ አላሳዩኝም። "እዚህ ቤት አንድ ጸሐፊ ነበር፣ እርማቱን በሰዓቱ አይሰጠኝም። እዚህ በረንዳ ላይ ዝናብ ይዞኝ ወረቀቱን በሆዴ ሸሽጌ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። እዚህ ጋ..." አንዳንዱ የሚጠቁሙት ቦታ ላይ ሣርና አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው ያለው። እሳቸው ግን እንዳለ ያህል በጣታቸው ፎቁን ቆጥረው ያሳዩኛል። ኬክ ገዙልኝ። እኔም ባንኮኒው ላይ በአንድ ክርን ተደግፌ ማኪያቶዬን ቆሜ ጠጣሁ፤ ጃኬቴን ስኳር አስነካሁት።

እሑድ

የጊዮርጊስ ቅዳሴ ሳያልቅ ተነሣን። እትዬ ለተብርሃን በር ላይ ቆመው አማተቡ፤ ለእኔ ይሁን ለፍሪሲዮኑ አልገባኝም።

ድልድዩን ተሻገርን። ጋሽ በየነ ማርሹን ቀየሩ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ደረስን፤ ትናንት ሸተት ያለችበት ቦታ ላይ። ነዳጅ ሰጧት። ሞተሯ አልጮኸችም። ያዘች፤ ወደ ኋላ ልትጥለኝ ምንም አልቀራት፤ የጋሽ በየነን ወገብ ጨምቄ ያዝሁ። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሩባት። አንዱ ለሙከራ ነበር፤ ሁለተኛው ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ፈቃዱ የእሳቸው ስለሆነ እስከ ከተማው ጫፍ እሳቸው ሊነዱ ተስማምተን ነበር። ለዕቃዬ ወደ ግቢው ስንመለስ እትዬ ለተብርሃን አምባሻ በፌስታል ጠቀለሉልኝ፤ ታደሰ "ደብሬ፣ ፈረሶቹን ሰላም በልልኝ" አለኝ። በአራት ኪሎ፣ በመገናኛ አልፈን ካራ ደረስን። ጋሽ በየነ ዝግ ብለው ነዱ፤ ሚኒባሱ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብን ያልፋል።

ካራ ላይ ወረዱ። አጠፏት። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ አውጥተው በመሐረባቸው ጠረጉ፣ አስገቡ፣ አወጡ፣ አዩ፣ ለእኔም አሳዩኝ። ከዚያ ቁልፉን መዳፌ ላይ አደረጉ፤ እጃቸውን ግን ወዲያው አላነሡም።

"ላንተ በአደራ ነው የሰጠሁህ" አሉ። "ሽያጩ ከእህትህ ጋር ነው። የመጀመሪያዋን ሺህ ኪሎ ሜትር ስትጨርስ ዘይቱን እሷ ራሷ ትቀይረው። አንተ እንዳትነካው። ከዚያ ትደውልልኝ።"

ወደ ፒያሳ የሚመለስ ታክሲ ውስጥ ገብተው በመስኮቱ ሲያዩኝ የራስ ቁራቸውን ጭናቸው ላይ እንደ ድመት ይዘውት ነበር።

ሰንዳፋ ላይ አምባሻውን ግማሽ በላሁ። ሸኖ ላይ ንፋሱ አገኘኝ፤ ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘጋሁ፤ አገሬ መግባቴን አወቅሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ደረስኩ። ዘነበች ደጃፍ ላይ የበረዶ ሣጥኑን እያጠበች ነበር። ሞተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ እጄን ያዘችና ጥፍሬን ገልብጣ አየችው።

"ምን ሠራህ?"

ሰኞ ጠዋት ሳልነቃ ወጥታ ነበር። ከመኝታዬ የሰማሁት የሞተሯ ድምፅ ዳገቱን ሳይንሸራተት ሲወጣ ብቻ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ላይ መድኃኒቱ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳይደፋ አለቀ።

ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሞላው ከወር በኋላ ነው። ዘነበች ግቢያችን ውስጥ ሞተሯን አሞቀች፣ ሥሯ ተኛች፣ ቡሎኑን ፈታች፤ ቡሎኑም ሮንዴላውም እጇ ውስጥ ቀሩ። እኔ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ደወልንላቸው፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝሁላት። በንፋሱ መሐል የጋሽ በየነ ድምፅ ከአራተኛ ፎቅ መጣ።

"ምን ይመስላል?"

ዘነበች በሁለት ጣቷ አሸችው፣ ወደ ብርሃኑ አወጣችው፣ አሸተተችው። "ገና ከመጭመቂያ የወጣ፣ ያልጠራ የኑግ ዘይት ይመስላል" አለች። "ውኃ የለበትም። አይቆረቁርም። የተቃጠለም አይሸትም።"



"እንግዲህ" አሉ ጋሽ በየነ፣ "አሁን ሸጥኳት።"